«ፋስን አግጄም ቲ ሴሎቼ መሞታቸውን አላቆሙም»

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ከሰው ደም የለየኋቸውን ቲ ሴሎች (በሽታ የሚከላከሉ ነጭ የደም ሴሎች) በፀረ-ሲዲ3 እና በፀረ-ሲዲ28 አንቲቦዲዎች አነቃቅቼ፣ ሳምንት ያህል በሕይወት በሚያቆያቸው ኢንተርሉኪን-2 ውስጥ አቆየኋቸው። ከዚያ አጥቤ፣ በአዲስ ሚዲያ ላይ በፀረ-ሲዲ3 ደግሜ ሳነቃቃቸው በማግስቱ አብዛኞቹ የሚሞት ሴልን ለመለየት በሚጨመረው አኔክሲን ፖዘቲቭ ሆነው አገኘኋቸው። ያነበብኩት ሁሉ ገዳዩ ፋስ የሚባለው፣ ሴሉ ሽፋን ላይ ያለው የሞት ተቀባይ ነው ይላል። ፋስን የሚያግድ አንቲቦዲ ስጨምር ግን ሞቱ የቀነሰው በትንሹ ነው። ካስፔዝ የሚባሉትን ሴል አፍራሽ ኤንዛይሞች የሚያግደውን ዚቫድ ስጨምርም አልቆመም፤ እንዲያውም አሟሟታቸው መልኩን ቀየረ። የተበላሸው ሙከራዬ ነው ወይስ ንድፈ ሐሳቡ? ደግሞስ ሰውነት ይህን ያህል የለፋባቸውን ሴሎች ራሱ ለምን ይገድላቸዋል?

መልስ፦ ሙከራው አልተበላሸም። ንድፈ ሐሳቡም አልተሳሳተም። የተሳሳተው ጥያቄው ውስጥ ያለው ግምት ነው፤ ገዳዩ አንድ ብቻ ነው የሚለው። ሴሎቹን ሲያጥቡም ያላሰቡት ነገር ሳይሆን አልቀረም፤ እሱ ጋ እደርሳለሁ።

የነቃ ቲ ሴል ለመሞት የግድ ገዳይ አያስፈልገውም። ቁልቁለት ላይ በእጅ ፍሬን የቆመ መኪና በሉት። ፍሬኑ ከተለቀቀ ማንም ሳይገፋው ይወርዳል። ፍሬኑ ተይዞም ቢሆን ከኋላ በኃይል የሚገፋው ካለ ይወርዳል። ታች ተሰባብሮ ሲያገኙት የትኛው እንደሆነ ከስብርባሪው አይታወቅም። የእርስዎ ሙከራ ፍሬኑንም የለቀቀ ይመስላል፣ ከኋላም ገፍቷል። ከዚያ ገፊውን ብቻ አግዶ «ለምን አልቆመም?» ብሎ ጠየቀ።

ከፍሬኑ ልጀምር። የሴሉ ጉልበት ማመንጫ በሆነው ማይቶኮንድሪያ ውጫዊ ሽፋን ላይና አካባቢው ባክስ እና ባክ የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች አሉ። ሥራቸው ሽፋኑን መብሳት ነው። ሁልጊዜ እዚያው አካባቢ ናቸው፤ የሚይዛቸው ሌላ ነው። የሚይዟቸው ቢሲኤል-2፣ ቢሲኤል-ኤክስኤል እና ኤምሲኤል-1 ናቸው። ቲ ሴል እነዚህን ያዦች በበቂ መጠን የሚያመርተው ከውጭ «ኑር» የሚል መልእክት እስከደረሰው ድረስ ነው። መልእክቱን የሚያመጡት ሳይቶካይኖች፣ ማለትም ሴሎች የሚላላኩባቸው ፕሮቲኖች፣ ናቸው፤ ላልነቃው ሴል በዋናነት ኢንተርሉኪን-7፣ ለነቃው ደግሞ ኢንተርሉኪን-2 እና ኢንተርሉኪን-15። ሳይቶካይኑ ሲጠፋ ሴሉ ውስጥ ኤኬቲ የሚባለው ኤንዛይም ይደክማል። እሱ ሲደክም ቢም የተባለው ፕሮቲን ይጨምራል፤ ቢም ደግሞ ያዦቹን ራሳቸውን ይይዛቸዋል። ኤምሲኤል-1 ዕድሜው አጭር ስለሆነ ካልተተካ ቶሎ ያልቃል። ያኔ ባክስ እና ባክ ነጻ ይወጣሉ፣ ሽፋኑን ይበሱታል፣ ሳይቶክሮም ሲ ይፈሳል።

ሳይቶክሮም ሲ በሌላ ጊዜ የሚታወቀው በሴል ትንፋሽ ውስጥ ኤሌክትሮን በማመላለስ ነው። ይህ ጭምት ሠራተኛ ከቤቱ ሲወጣ የሞት መልእክተኛ እንደሚሆን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1996 የሺያዶንግ ዋንግ ቡድን ነው። ብዙ ሰው ለማመን ጊዜ ወስዶበት ነበር፤ አይፈረድበትም። የፈሰሰው ሳይቶክሮም ሲ አፓፍ-1 ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ሰባት አፓፍ-1 ተሰብስበው ክብ ነገር ይሠራሉ። እሱ ላይ ካስፔዝ-9 ይነቃል፤ ካስፔዝ-9 ካስፔዝ-3ን ይቆርጣል። ካስፔዝ-3 ከነቃ በኋላ ያለው መፍረስ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ፋስ የሚባል ነገር የለበትም። ማንም ከውጭ ግደለው አላለም።

አሁን ወደ ገፊው። በ1989 ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ ጃፓን አንዱ ጀርመን፣ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ሴል ላይ ሲጨመሩ የሚገድሉ አንቲቦዲዎች አገኙ። አንዱ የያዘውን ነገር ፋስ አለው፣ ሌላው ኤፒኦ-1። ነገሩ አንድ ነበር፤ ዛሬ ሲዲ95 የሚለውን ሦስተኛ ስምም ይዟል። በ1995 ደግሞ ሦስት ቡድኖች በአንድ ጊዜ የእርስዎን ዓይነት ሙከራ አተሙ፤ የነቃ ቲ ሴል አንቲጅን በሚያውቅበት ተቀባዩ በኩል ደግሞ ሲነቃቃ ፋስ ሊጋንድን፣ ማለትም ፋስን የሚነካውን ፕሮቲን፣ ያወጣል፤ በዚያም ራሱን ወይም ጎረቤቱን ይገድላል። ያነበቡት ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው። እውነት ነው። ግን እነዚያ ሙከራዎች የጠየቁት «በድጋሚ ማነቃቃት የሚገድለው በምንድን ነው?» ብለው ነው። «ቲ ሴል የሚሞተው በምንድን ነው?» አላሉም።

ፋስ ሴሉ ላይ የሚቀመጠው ሦስት ሦስት ሆኖ ነው። ሊጋንዱም ሦስት ነው። ሲገናኙ ከሽፋኑ በታች ያለው ጭራቸው ፋድ የሚባለውን አገናኝ ይስባል፤ ፋድ ደግሞ ካስፔዝ-8ን ይሰበስባል። ተቀራርበው የተሰበሰቡ ካስፔዝ-8ዎች እርስ በርስ ይነቃቃሉ። እዚያው መሐል የሚገባ ሲ-ፍሊፕ የሚባል ፕሮቲን አለ። ካስፔዝ-8ን ይመስላል፣ ቦታውን ይይዛል፣ መቁረጥ ግን አይችልም። ሲ-ፍሊፕ ከበዛ ፋስ የቱንም ያህል ቢነካ ሴሉ አይሞትም። አዲስ የነቃ ቲ ሴል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፋስ በሽፋኑ ላይ ሞልቶ እያለ የማይሞተውም በአብዛኛው ለዚህ ነው። ከአምስት ስድስት ቀን በኋላ ግን ለሞት ይጋለጣል። ሰውነት የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ ይብዙ፣ ይዋጉ፣ መሞቱ ይደርሳል።

ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበት ቦታም አለ። አንዳንድ ሴሎች ውስጥ ካስፔዝ-8 በቀጥታ ካስፔዝ-3ን ይቆርጥና ነገሩ ያልቃል። ሌሎች ውስጥ ግን አቅሙ አይበቃም፤ ቢድ የሚባለውን ፕሮቲን ቆርጦ ወደ ማይቶኮንድሪያ ይልከዋል፣ በዚያ በኩል ዞሮ ይመጣል። ከደም የተለዩ የነቁ ቲ ሴሎች በአብዛኛው የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው። ጁርካት የሚባለው የላብራቶሪ ሴል ግን ሁለተኛው ነው። ስለዚህ በጁርካት የተሠራ ጽሑፍ አንብበው «ቢሲኤል-2 የፋስን ሞት ያግዳል» የሚል ካገኙ፣ ለእርስዎ ሴሎች በቀጥታ አይሠራም። ጁርካት ፒቴን የሚባለው ጂንም ጎድሎታል፤ በዚህ የተነሳ ኤኬቲ ሁልጊዜ እንደበራ ነው። ፍሬኑ የተበየደ ሴል ላይ የፍሬን ጥናት አይሠራም። ብዙ ተማሪ ሴሉ በቀላሉ ስለሚያድግለት ወደ ጁርካት ይሸሻል። አይሽሹ።

አሁን ወደ ማጠቡ። ሴሎቹን ሲያጥቡ ኢንተርሉኪን-2ን አስወገዱ። በአዲሱ ሚዲያ ላይ መልሰው እንደጨመሩ አልጻፉም፤ ካልጨመሩ ሳምንት ሙሉ በእሱ ላይ የኖሩትን ሴሎች ባንዴ ከልክለዋቸዋል። እንዲህ ያሉ ሴሎች ማንም ሳይነካቸው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በቢም በኩል መሞት ይጀምራሉ። ፋስን ማገድ እዚህ ላይ ምንም አያደርግም። በእርስዎ ሙከራ ሞቱ በትንሹ መቀነሱ ራሱ ደህና ምልክት ነው፤ የፋስ ድርሻ ያቺ ነበረች፣ የቀረው የረሀብ ሞት ነው ማለት ሊሆን ይችላል።

ነገሩን የሚያወሳስበው ኢንተርሉኪን-2 ሁለት ፊት ያለው መሆኑ ነው። ሴሉን ይቀልበዋል። ያው እሱ ደግሞ ሲ-ፍሊፕን እየቀነሰ፣ ፋስ ሊጋንድን እየጨመረ፣ ሴሉን ለፋስ ሞት ያዘጋጀዋል። «ታዲያ ኢንተርሉኪን-2 ያድናል ወይስ ይገድላል?» የሚለው ሙግት በ1990ዎቹ ብዙ ቀለም ፈጅቷል። ኢንተርሉኪን-2 የሌላቸው አይጦች ሊምፎሳይታቸው በዝቶ፣ የራሳቸውን አካል እያጠቁ ሲታመሙ «የሞቱ ምልክት ስለጎደለ ነው» ተብሎ ነበር። ዛሬ ዋናው ምክንያት ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ያለ ኢንተርሉኪን-2 መቆም አለመቻላቸው እንደሆነ ይታወቃል። እናም የቆየ ግምገማ ጽሑፍ ሲያነቡ ዓመቱን ይዩት።

ዚቫድ ላይ የሆነው ደግሞ የሚጠበቅ ነው። ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ቀላሉ፦ ማይቶኮንድሪያው አንዴ ከተበሳ ካስፔዝን ማገድ ሴሉን አያድነውም፤ አሟሟቱን ያዘገየዋል፣ መልኩን ይቀይረዋል እንጂ ጉልበት የሚያመነጭበት ቤት ፈርሷል። ሁለተኛው ይበልጥ ይገርማል። ካስፔዝ-8 ገዳይ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ገዳይ የሚያስርም እሱ ነው። በደህናው ጊዜ ሪፕኬ1 እና ሪፕኬ3 የሚባሉትን እየቆረጠ ዝም ያሰኛቸዋል። ዚቫድ ካስፔዝ-8ን ሲያግድ እነዚህ ሁለቱ ይገናኙና ኤምኤልኬኤል የሚባለውን ፕሮቲን ያነቃሉ። እሱ ወደ ሴሉ ውጫዊ ሽፋን ሄዶ ሽፋኑን ያፈርሳል። ይህ ኔክሮፕቶሲስ ነው። አይጥ ላይ ካስፔዝ-8ን ከቲ ሴል ብቻ ሲያጠፉ ሴሎቹ ሲነቁ መብዛት ያቅታቸውና ይሞታሉ፤ ሪፕኬ3ን አብረው ሲያጠፉት ይድናሉ። በሰውም በ2002 የተገለጸ ታሪክ አለ፤ ካስፔዝ-8 የጎደላቸው ወንድምና እህት ሊምፎሳይታቸው በዛ፣ የመከላከል አቅማቸው ግን ደከመ። ካስፔዝ-8 «የሞት ኤንዛይም» ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ድካም ባልመጣ ነበር።

መልኩን ቀየረ ያሉት በማይክሮስኮፕ የሚታይ ነገር ነው። በአፖፕቶሲስ፣ ማለትም ካስፔዝ በሚመራው ሞት፣ የሚሞት ሴል ይኮማተራል። ዳሩ ላይ ትንንሽ እብጠቶች ብቅ ጥልቅ ይላሉ፣ ከዚያ እየተቆረጡ ይለያያሉ፤ ፍርስራሹ ሁሉ በሽፋን እንደተጠቀለለ ነው። በኔክሮፕቶሲስ የሚሞተው ተቃራኒው ነው። ያብጣል፣ ክብ ይሆናል፣ ይገረጣል፣ ድንገት ይፈነዳና ውስጡ ውጭ ይፈሳል። ይህ የፈሰሰው ነገር ሰውነት ውስጥ ቢሆን ብግነት ያስነሳል። ሳህን ላይ ግን ሁለቱም ከአንድ ቀን በኋላ ሲታዩ ያው ፍርስራሽ ናቸው።

በዚሁ አኔክሲንን እናንሳ። አኔክሲን ሞትን አይለካም። የሚለካው ፎስፋቲዲልሰሪን የሚባለው ቅባት ከሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ወደ ውጭኛው መውጣቱን ነው። በአፖፕቶሲስ ይህን የሚያደርገው ካስፔዝ-3 ነው፤ ቅባቱን ወደ ውስጥ የሚመልሰውን ፕሮቲን ይቆርጣል፣ የሚያዘበራርቀውን ደግሞ ቆርጦ ያነቃዋል። ነገር ግን ገና ሕያው የሆነ፣ አሁን የነቃ ቲ ሴልም ይህን ቅባት ለጊዜው ሊያወጣ ይችላል። በኔክሮፕቶሲስ ላይ ያለ ሴልም ያወጣል። ስለዚህ አኔክሲን ፖዘቲቭ ሁሉ ሬሳ አይደለም፤ ሬሳ የሆነውም ሁሉ በአፖፕቶሲስ አልሞተም። አኔክሲን እንዲጣበቅ ካልሲየም ስለሚያስፈልገው፣ ካልሲየምን የሚይዘው ኢዲቲኤ ያለበት በፈር ከተጠቀሙ ደግሞ ምንም ሳያዩ ሊቀሩ ይችላሉ።

የሚጠቅመው ሰዓቱ ነው። ሴሎችን አንድ በአንድ በሚለካው ፍሎው ሳይቶሜትሪ አኔክሲንን በአግድም፣ ሽፋኑ ወደፈረሰ ሴል ብቻ የሚገባውን ቀለም ፕሮፒዲየም አዮዳይድን በቁም አድርገው ሲያዩ፣ በአፖፕቶሲስ የሚሞቱ ሴሎች መጀመሪያ ወደ ታችኛው ቀኝ ጥግ ይሄዳሉ፤ ቅባቱ ወጥቷል፣ ሽፋኑ ግን ገና ቀለም አያስገባም። ቆይተው ወደ ላይኛው ቀኝ ይወጣሉ። በኔክሮፕቶሲስ የሚሞቱት ታች ቀኝ ላይ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ላይ ይተኮሳሉ። እርስዎ ያዩት በማግስቱ ነው፤ በማግስቱ ሁሉም ላይኛው ቀኝ ጥግ ላይ ተሰብስቦ ይጠብቅዎታል። ሰውነት ውስጥ ማክሮፋጅ ሬሳውን ገና ትኩስ እያለ ይበላዋል። ሳህን ላይ የሚበላው ስለሌለ ቆይቶ ይፈርሳል፣ ቀለምም ያስገባል። ከዚያ ጥግ ላይ መንገዱን ማንበብ አይቻልም።

ለምን ይገደላሉ ላሉት፦ አንድ ቫይረስ ሲገባ የሚያውቁት ጥቂት ቲ ሴሎች በሳምንት ገደማ ውስጥ በሺህ እጥፎች ይበዛሉ። ቫይረሱ ከጠፋ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከእነዚህ ከ90 እስከ 95 በመቶው ይሞታል፤ ቀሪው የማስታወሻ ሴል ሆኖ ይቀመጣል። ባይሞቱ ከሁለት ሦስት ጉንፋን በኋላ ሊምፍ ኖዶቻችን ቦታ አይኖራቸውም ነበር። እዚህም ላይ የተለመደ ስህተት አለ፤ ይህ ቅነሳ የፋስ ሥራ ይመስላል። ፋስ የሌላቸው አይጦች አጣዳፊ ኢንፌክሽን ካለፈ በኋላ ቲ ሴሎቻቸውን እንደ ጤነኛው ይቀንሳሉ። ቢም የሌላቸው ናቸው የሚቸገሩት። የፋስ ድርሻ የሚጎላው አንቲጅኑ (ሴሉ የሚያውቀውና የሚያነቃው ነገር) ሳይጠፋ ሲቀር፣ ሴሉ ደግሞ ደጋግሞ ሲነቃቃ ነው፤ ሥር የሰደደ ኢንፌክሽን ወይም የራስ አካል ላይ የተነሳ ሴል። ኢንተርሉኪን-2 መልሰው ጨምረው ማነቃቃትዎን ቢደግሙ፣ የሚመስሉት ይህንን ሁለተኛውን ነው።

ይህ በሰው ላይ ሲጎድል ምን እንደሚሆን የሚያሳየው አልፕስ የሚባለው የዘር በሽታ ነው። በ1995 ከፋስ ጂን ጋር ተያያዘ። ልጆቹ ሊምፍ ኖዳቸውና ጣፊያቸው ያብጣል፣ ሲዲ4ም ሲዲ8ም የሚባሉት የሴል መለያዎች የሌሏቸው ቲ ሴሎች በደማቸው ይበዛሉ፣ ሰውነታቸው የራሱን የደም ሴሎች ያጠቃል። ብዙዎቹ ከሁለቱ የፋስ ጂኖች የተበላሸባቸው አንዱ ብቻ ነው። ታዲያ ግማሹ ደህና ሆኖ ለምን ይታመማሉ? ሒሳቡ ቀላል ነው። ፋስ ሦስት ሆኖ ነው የሚሠራው። ግማሹ የተበላሸ ከሆነ፣ ሦስቱም ደህና የሆኑበት ዕድል አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው። አንድ የተበላሸ ባልንጀራ ሁለቱን ደህና ይዟቸው ይቀራል።

ሌሎች ሁለት ነገሮችን ብቻ ጠቅሼ ልለፍ። «የደከመ» ቲ ሴል፣ ሥራውን የሚገታው ፒዲ-1 የሚባል ተቀባይ የበዛበት ማለቴ ነው፣ አልሞተም፤ ሥራ ቀንሷል እንጂ በሕይወት አለ። ከሞት ጋር አይደባልቁት። በኤችአይቪ ደግሞ በሊምፍ ኖድ ውስጥ ከሚሞቱት ያልነቁ ሲዲ4 ሴሎች ብዙዎቹ የሚያልፉት በካስፔዝ-1 በኩል፣ ፓይሮፕቶሲስ በሚባል ሦስተኛ መንገድ ነው። የእርስዎ ሙከራ ላይ ይህ አይመለከትዎትም።

ምን ያድርጉ? ማገጃ ከመጨመርዎ በፊት ሙከራውን በአራት ክፍል ይድገሙት። ኢንተርሉኪን-2 አለ፣ ማነቃቂያ የለም። ኢንተርሉኪን-2 የለም፣ ማነቃቂያም የለም። ኢንተርሉኪን-2 አለ፣ ማነቃቂያ አለ። ኢንተርሉኪን-2 የለም፣ ማነቃቂያ አለ። ሁለተኛው ክፍል የረሀቡን ሞት ብቻውን ያሳይዎታል፤ ያለ እሱ የቀረው ሁሉ ግምት ነው። ማገጃዎቹን ይጨምሩ የምለው ሦስተኛው ክፍል ላይ ነው። በአራት፣ በስምንት እና በ24 ሰዓት ይለኩ። ከመቶኛው ጋር ቁጥሩንም ይቁጠሩ፤ ሙሉ በሙሉ የፈረሰ ሴል ከመቶኛው ውስጥ ስለሚጠፋ ብዙ ሞት ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል።

የፋስ አንቲቦዲዎን ክሎን፣ ማለትም የትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ ዛሬውኑ ይዩት። ሲኤች11 የሚባለው አያግድም፣ ይገድላል። የሚያግደው ዜድቢ4 ነው። ስማቸው ካታሎግ ላይ ጎን ለጎን «ፀረ-ፋስ» ተብሎ ስለሚጻፍ መሳሳት ቀላል ነው። ትክክለኛው ቢሆንም መሥራቱን ያረጋግጡ፤ ሴሎቹን በሲኤች11 ገድለው፣ ማገጃው ያድናቸው እንደሆነ ይዩ። ካላዳናቸው መጠኑ አንሷል፣ ከዚህ በፊት ያገኙት «በትንሹ ቀነሰ» የሚለው ውጤትም ትርጉም የለውም። ከተቻለ በሊጋንዱ በኩልም፣ ፋስ ሊጋንድን በሚይዝ አንቲቦዲ፣ ያግዱ። ዚቫድን ደግሞ ብቻውን አይጠቀሙ። አንድ ክፍል ዚቫድ፣ አንድ ክፍል ዚቫድ ከኔክሮስታቲን-1 ጋር ይሁን። ኔክሮስታቲን-1 ሪፕኬ1ን ያግዳል፤ ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ሴሎቹ ከዳኑ የቀየረው መልክ ኔክሮፕቶሲስ ነበር። ካልዳኑ ማይቶኮንድሪያው ቀድሞ ተበስቷል ብለው ይጠርጥሩ።

ከአንድ ሰው ደም ደግሞ አይደምድሙ። የሰው ቲ ሴሎች ለዚህ ዓይነት ሞት ያላቸው ስሜት ከለጋሽ ለጋሽ በጣም ይለያያል። እስከዚያ ድረስ «ከፋስ ውጭ የሆነ ሞት አገኘሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከረቂቅዎ ያውጡት። አራቱ ክፍሎች ከተሠሩ በኋላ፣ ኢንተርሉኪን-2 እያለ፣ ማገጃው መሥራቱ ተረጋግጦ፣ በድጋሚ የተነቃቁት ሴሎች አሁንም ከሞቱ ያኔ መልሰው ያስገቡት፤ ቀጥሎም ቲኤንኤፍ የሚባለውን ሌላ የሞት መልእክት እና ቢምን ይፈትሹ።